የሚጮኽ ፕሮግራም፣ ዝም የሚል ኩዌሪ

«ሲስተም የለም» የምትባለውን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው ይኖር ይሆን? ባንክ ቤት ሰምታችኋታል፤ መብራት ልትከፍሉ ሄዳችሁ ሰምታችኋታል፤ ትኬት ልትቆርጡ ሄዳችሁም ሰምታችኋታል። እኛ ደግሞ ከመስኮቱ በስተጀርባ ተቀምጠን ስንናገራት የኖርን ነን። ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒውተር ክፍል የሚባለው እኛ ሁለታችን ነበርን። «ክፍል» ስንል ግን እንዳትሳሳቱ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ከቆቦ ሙቀት ጋር ሲታገል የሚውል አንድ ቬንቲሌተር ማለት ነው።

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን ስለ «ሲስተም የለም» አይደለም። ሲስተም ከሌለ ቢያንስ አለመኖሩ ይታወቃል። ሰውም ተራግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገ ይመለሳል። የሚያስፈራው ሲስተሙ እያለ፣ ወረቀቱ እየወጣ፣ ድምሩም በትክክል እየተደመረ ሰው ሲጎድል ነው። እንዲህ ያለው ነገር በእኛው እጅ ተሠርቷል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ የሙያ ወሬ፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

ሁለቱ ሠራተኞች

መሥሪያ ቤቱ የገበሬዎችን ዝርዝር ይይዛል፦ ማን በየትኛው ቀበሌ እንደሚኖር፣ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው፣ ዘርና ማዳበሪያ መቼ እንደወሰደ፣ ምን ያህል ዕዳ እንደቀረበት። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ከእኛ በፊት፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ባለሙያ፣ በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ነበር። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ነው። ማይክሮሶፍት ለማበልጸጊያ መሣሪያው ድጋፍ መስጠት ያቆመው ደግሞ በ2008 ነው። እኛ ፕሮግራሙን የተረከብነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ስንረከበው ጡረታ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተር ላልተማሩ ወዳጆቻችን ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ፕሮግራም ሠሪ መጀመሪያ የሚጽፈው ሰው አንብቦ የሚረዳውን ጽሑፍ ነው፤ ሶርስ ኮድ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ኮምፓይለር በሚባል ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ያልፍና ማሽን ብቻ የሚረዳው ነገር ሆኖ ይወጣል። ማሽላው ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ እንጀራ ሆነ እንደማለት ነው። እንጀራውን መብላት ይቻላል፤ እንጀራውን መልሶ መዝራት ግን አይቻልም። ለእኛ የደረሰን እንጀራው ብቻ ነበር። ሶርስ ኮዱ ባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ቀርቷል፤ ባለሙያው ሥራ ቀይሯል፤ ስልኩም አይሠራም።

ሁለተኛው ሠራተኛ ኩዌሪ ነው። ኩዌሪ ማለት ጥያቄ ማለት ነው። ዳታው የተቀመጠበትን አክሰስ ትከፍቱና «በዚህ ቀበሌ ዘር ያልወሰዱ ገበሬዎች እነማን ናቸው?» ብላችሁ ኤስኪውኤል በሚባል ቋንቋ ትጠይቃላችሁ፤ መልሱ በሠንጠረዥ ይመጣል። ኮምፓይል ማድረግ የለም። ሶርስ ኮድ ጠፋ ማለት የለም። ጥያቄው ራሱ እዚያው ተጽፎ ይነበባል። ኃላፊያችን ጠዋት «አዲስ ሪፖርት እፈልጋለሁ» ቢሉ፣ ቡናው ሳይፈላ ይደርስላቸዋል።

የትኛውን እንደወደድን መናገር አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ግትር ሽማግሌ ነበር፤ አንዲት ዓምድ ጨምር ቢሉት አይጨምርም፣ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ኤረር ብሎ ቁጭ ይላል። ኩዌሪው እሺ ባይ ወጣት ነበር። እኛም እሺ ባዩን ወደድን። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኩዌሪዎቻችን ከመቶ በለጡ። ስማቸው «ሪፖርት 2»፣ «ሪፖርት 2 አዲስ»፣ «ሪፖርት 2 አዲስ የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ትክክለኛው» ይባል ነበር። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዴም እኛም አናውቅም ነበር።

ይህ የቆቦ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አይቢኤም እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ኤኤስ 400 የሚባል የንግድ ኮምፒውተር አወጣ። የልጅ ልጆቹ ዛሬም በብዙ አገር ባንኮችና ፋብሪካዎች ውስጥ ይሠራሉ። በእነዚያ ማሽኖች ላይ በአንድ ወገን አርፒጂ በሚባል፣ ሥሩ ወደ 1959 በሚመለስ ቋንቋ የተጻፉና ኮምፓይል የተደረጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ በሌላ ወገን የሒሳብ ሠራተኛው ራሱ የሚሠራቸው ኩዌሪዎች አሉ። ክርክሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፦ የትኛው ነው ለመጠገን የሚቀለው?

ከዚያ ማሽን አንድ ባሕርይ ልንገራችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል። ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ የሚያነበውን ፋይል ቅርጽ መለያ አብሮ ይይዛል። በኋላ አንድ ሰው ፋይሉ ላይ ዓምድ ቢጨምርና ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ቢረሳ፣ ፕሮግራሙ «እኔ የማውቀው ፋይል ይህ አይደለም» ብሎ ይቆማል። ባለሙያን በሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ስህተት ነው። ስንቱ ረግሞታል!

ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 5

የጩኸትንና የዝምታን ልዩነት ቀደም ብለን ልንማረው እንችል ነበር። መምህሩ የገዛ ቀን መቁጠሪያችን ነው።

ከእኛ በፊት የነበረ ሰው የዕዳ መመዝገቢያውን ሲሠራ፣ የኢትዮጵያን ቀን በአክሰስ የቀን ዓምድ ውስጥ፣ ቀን በወር በዓመት አድርጎ እንዲገባ ወስኗል። አክሰስ ግን የሚያውቀው የፈረንጅን ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ፣ ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ስታስገቡ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ እምቢ ይላል። ሠራተኞቹ በየዓመቱ ጥቅምት 30 ቀን እኛ ክፍል በር ላይ ይሰለፉ ነበር።

ጳጉሜን 5ስ? 05/13 ብላችሁ ስታስገቡ አክሰስ አይጮኽም። 13ኛ ወር ስለማያውቅ «ይሄ ሰው ቀኑንና ወሩን አገላብጦ ነው» ብሎ ራሱ ያርምላችኋል፤ በአምስተኛው ወር፣ በ13ኛው ቀን ይመዘግበዋል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 መሆኑ ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ የተከፈለ ገንዘብ የጥምቀት ሰሞን ተገኘ! ያውም የተገኘው ከስንት ወር በኋላ፣ አንድ ገበሬ ደረሰኙን ይዞ ስለተከራከረን ነው።

እኛ በጥቅምት 30 እንበሳጭ ነበር። ጳጉሜን 5 ግን ትዝ ብሎን አያውቅም። አሁን ስናስበው ወዳጃችን ጥቅምት 30 ነበር፤ ችግሩን በዕለቱ፣ ፊት ለፊት ነግሮናል።

ፊደላችንም እንዲሁ ነው። መዝጋቢው «ዓለሙ» ብሎ ጽፎ እናንተ «አለሙ» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ኩዌሪው «ተሳስተሃል» አይላችሁም። ባዶ ሠንጠረዥ ሰጥቷችሁ ዝም ይላል። ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያልን በትምህርት ቤት የተማርነው ነገር፣ ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያስቀር ሆኖ አገኘነው።

የ2008 ግንቦት

የ2007 ክረምት ዝናብ እንዳልሆነ ሆኖ አለፈ። ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጉዳት አድርሷል፤ ራያ ቆቦም ክፉኛ ከተመቱት ውስጥ ነበረች። ማሽላው አገዳ ሆኖ ቀረ። ለዘር ተብሎ የተቀመጠው ሳይቀር ተበላ። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዋናው ጉዳይ ዘር ሆነ። እንደ ደጋሊት ያለችው የአገሩ ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ትፈልጋለች። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይሻል፤ ያውም በሳምንታት ውስጥ መሬት መግባት አለበት።

ዝርዝሩን ማውጣት የእኛ ሥራ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከቀበሌዎቹ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ አዲስ የቀበሌ ቁጥር መጣ። የአዲሱን ቀበሌ ሰዎች በፕሮግራሙ ልንመዘግብ ስንል ሽማግሌው ጮኸ፦ «ልክ ያልሆነ የቀበሌ ቁጥር»። የቀበሌዎቹ ዝርዝር ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ተጋግሯል፤ ሶርስ ኮድ በሌለበት የሚቀየር አይደለም። እኛም ተሳደብንና በጓሮ በር ገባን። አክሰሱን ከፍተን ስሞቹን በቀጥታ ሠንጠረዡ ላይ ጻፍናቸው። ከዚያ «የዘር ዝርዝር የመጨረሻ» የምትባለዋን ኩዌሪ አስኬድናት። እሺ አለች። ወረቀቱ ወጣ፤ ድምሩ ከታች አለ፤ ኃላፊው ፈረሙበት።

ከቀናት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ከአዲሱ ቀበሌ በእግር ነው የመጡት። በመቀነታቸው የቋጠሩትን የመታወቂያ ወረቀት ፈተው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ።

«ልጆቼ፣ ስምሽ የለም አሉኝ። እነዚያ ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ጋ ሂጂ አሉኝ።»

ዝርዝሩን አየን፤ የሉም። «ምናልባት ሳይመዘገቡ ቀርተው ይሆናል፣ እማማ» አልናቸው። አልተቀመጡም፤ አልሄዱምም። ከሁለት አንዳችን ለይሉኝታ ያህል ዋናውን ሠንጠረዥ ከፈትን። አሉ። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ መሬታቸው፣ ሁሉም አለ።

«እማማ፣ ስምዎ እዚህ አለ» አልናቸው።

«ካለሁማ ለምን አልተጠራሁ?» አሉ።

መልሱን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ኩዌሪያችን የገበሬውን ሠንጠረዥ፣ እኛው ከሠራነው የቀበሌ ስሞች ሠንጠረዥ ጋር የምታገናኘው ኢነር ጆይን በሚባለው መንገድ ነበር። ይህ መንገድ በሁለቱም ሠንጠረዥ ያለውን ብቻ ያወጣል። አዲሱን የቀበሌ ቁጥር በስሞቹ ሠንጠረዥ ላይ መጨመር ረስተናል። ስለዚህ የዚያ ቀበሌ ሰው በሙሉ ከዝርዝሩ ወደቀ። ኩዌሪዋ አልዋሸችም። የጠየቅናትን መለሰች። እኛ የጠየቅናት ግን የምንፈልገውን አልነበረም። ኢነር የሚለውን ሌፍት ብለን ስንቀይረው የጎደሉት ሰዎች ብቅ አሉ። አንድ ቃል ነው! የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ጠፍቶ የነበረው በአንድ ቃል ነው።

የኑዛዜው ዋና ክፍል እዚህ ላይ ነው። ኃላፊያችን «ምን ተፈጥሮ ነው?» ብለው ሲጠይቁን «ሲስተሙ ነው» አልን። አሮጌው ፕሮግራም ላይ ማላከክ ቀላል ነበር፤ መልስ አይሰጥም፣ የሠራው ሰውም የለም። ሁለት ቀን ይህን ውሸት ይዘን ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ሄደን እውነቱን ተናገርን፦ ፕሮግራሙ ጮኾ ነግሮን ነበር፤ አፉን ዘግተን ያለፍነው እኛ ነን። ኃላፊው ተቆጡ፤ ተገቢም ነበር። ተጨማሪ ዝርዝር ወጣ። እኒያ እናት ዘራቸውን ወሰዱ። ለአዲሱ ቀበሌ በሙሉ የሚበቃ ዘር ግን አልተረፈም ነበር።

ጠለፋና ኮንክሪት

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተከራከርነው «ታዲያ ኩዌሪውን እንተው?» በሚለው ላይ ነው። መልሱን ያገኘነው ከአገሩ ገበሬ ነው ብንላችሁ አትሳቁ።

የራያ ቆላ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ ይጠልፋል። ከምዕራብ ተራሮች በእነ ሆርማትና ጎሊና በኩል የሚወርደውን ደራሽ ውሃ፣ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ በተሠራ ክትር እየመለሰ ማሳው ላይ ያሳድረዋል። ክትሩ ደካማ ነው፤ ጎርፍ ሲበረታ ይሄዳል። ግን የሠሩት ያውቁታል። ሲፈርስ በደቦ ወጥተው፣ ወንዙ ዘንድሮ የሄደበትን አቅጣጫ አይተው፣ ቦታውንም ቀየር አድርገው ይሠሩታል። በኋላ ዘመናዊ የተባሉ የኮንክሪት መጥለፊያዎች መጡ። ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው። ነገር ግን በራያ ቆላ ደለል ሞልቷቸው፣ ወንዙ ትቷቸው በጎን የሄደባቸው አሉ። ኮንክሪት ወንዙን ተከትሎ አይሄድም።

ኩዌሪ የአፈር ክትር ነው፤ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ኮንክሪት ነው። ልብ በሉ፣ ገበሬው የአፈር ክትሩን ሠርቶ ተኝቶ አያድርም። ጎርፍ በመጣ ሌሊት ችቦ ይዞ ይወጣል፣ የት ጋ እንደሚሰርግ ያያል። እኛ የአፈር ክትር ሠርተን እንደ ኮንክሪት አምነነው ነው የተኛነው። ጥፋታችን እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛን። ከመቶ በላይ የነበሩትን ኩዌሪዎች አንድ በአንድ ከፍተን፣ የማያስፈልጉትን ጥለን፣ የቀሩትን በእጃችን ገለበጥናቸው። ለእያንዳንዱ በተራ አማርኛ አራት ነገር ጻፍን፦ ጥያቄው ምንድን ነው? የጠየቀው ማን ነው? የትኞቹን ሠንጠረዦች ያያል? ማንን ሊያስቀር ይችላል? ለእያንዳንዱ ዝርዝርም አንድ ተቃራኒ ኩዌሪ ሠራን፤ ሥራዋ ያልተገናኙትን ማውጣት ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ የወጡትና ያልወጡት ተደምረው ከጠቅላላው ጋር ካልገጠሙ ወረቀቱ አይፈረምም።

ፕሮግራሙንም አልጣልነውም። ምዝገባው በተቻለ መጠን በእሱ በኩል እንዲያልፍ አደረግን፤ ሲጮኽም «ምን ማለቱ ነው?» ብለን መጠየቅ ጀመርን። ይኸው ግትር ሽማግሌ አንድን አባወራ ሁለት ጊዜ አያስመዘግብም። ዕዳው ላልተዘጋ ሰው ያለ ኃላፊ ፈቃድ አዲስ ብድር አይከፍትም። እነዚህን ሕጎች ማን እንዳወጣቸው የሚያስታውስ ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የሚያውቃቸው ፕሮግራሙ ብቻ ነበር።

ደብተሩ

ሐምሌ 2013 ላይ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ሰው የቻለውን ይዞ ወጣ። እኛም ወጣን። ከሁለታችን የአንዳችን ቦርሳ ውስጥ አንድ ሱሪ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አንድ ፍላሽና ያ ደብተር ነበሩ። ደብተሩን አስበንበት አልነበረም የያዝነው፤ ማስረጃዎቹ የተቀመጡት በውስጡ ስለነበረ ነው።

ታኅሣሥ 2014 ላይ ስንመለስ ቢሮው ባዶ ነበር። ኮምፒውተሮቹ የሉም። የወረቀት ፋይሉ መሬት ላይ ተበትኖ ግማሹ ተረጋግጧል። ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ ሲያገረሽ ሁለተኛ ዙር ስደት መጣ። ያንን ጊዜ ያየ ሰው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ማውራታችንን እንደ ቅንጦት ሊቆጥርብን ይችላል፤ አንፈርድበትም። ነገር ግን የእርዳታና የዘር ወሬ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝርዝሩ የታለ?» ነበር።

ፍላሹ ላይ ፕሮግራሙና ከጦርነቱ በፊት የተወሰደ የዳታ ባክአፕ ነበሩ። ፕሮግራሙን በተገኘው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጫንነው፤ አልከፍት አለ። አብረውት መጫን የነበረባቸው ተጨማሪ ፋይሎች የሉም። እነሱን ከዚህም ከዚያም ለቅመን ሲከፈት፣ ስሞቹ ሁሉ የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆነው መጡ። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ዩኒኮድን በቅጡ አያውቅም፤ ስሞቹ የተጻፉት በድሮው የግእዝ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ስም የለም። ፎንቱን አስክንፈልግ ድረስ ሳምንታት ሄዱ።

ደብተሩ ግን ተገለጠ፤ ተነበበ። ኩዌሪዎቹን በሁለት ቀን ጽፈን ጨረስናቸው። አንድ አዲስ ተመራቂ ነበር ያገዘን፤ እኛ ሳንነግረው አማርኛውን አንብቦ «ይቺኛዋ እኮ አዲስ ቀበሌ ልታስቀር ትችላለች» አለን። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሃል የተደሰትነው ያን ጊዜ ነው።

የጎደለብን የሽማግሌው ሕጎች ነበሩ። ድርብ ምዝገባ በምን ይታወቃል? ብድር ለማን ይከለከላል? የደብተሩን ያህል በቀለም የጻፍናቸው አልነበሩም። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ ስንት ሰው ሁለት ጊዜ እንደመዘገብን እኛ ነን የምናውቀው። አሁን እነዚያም በደብተሩ ሁለተኛ ክፍል ተጽፈዋል።

ለተተኪዎቻችን

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። አዲሶቹ ሲስተሞች በብራውዘር የሚከፈቱ ናቸው፤ ፊደሉም ዩኒኮድ ነው። ኤስኪውኤል የማያውቅ ልጅም ለኤአይ በአማርኛ ነግሮ ኩዌሪ በደቂቃ ያጽፋል። ደስ ይላል። ግን አስቡት፤ እሺ ባዩ ወጣት አሁን ይበልጥ እሺ ባይ ሆኗል። ሳይደክሙ የጻፉትን ኩዌሪ ማን በደብተር ይገለብጠዋል? ማንን እንደሚያስቀርስ ማን ይጠይቀዋል?

የአሮጌ ነገር ዕዳም በእኛ ብቻ አያበቃም። እንደ ፈረንጆቹ በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ኮቦል የሚባለውን የጥንት ቋንቋ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር፤ የሥራ አጦች ክፍያ የሚሠራው በእሱ ነበርና። ሀብታም አገርም ደብተሩን ካልጻፈ ሽማግሌ ፍለጋ ይወጣል።

ስለዚህ «ኩዌሪ ይሻላል ወይስ ፕሮግራም?» ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን ይህ ነው፦ መዝግቦ የሚያስገባው ፕሮግራም ይሁን፤ የማያውቀውን ነገር እምቢ ብሎ ይጩኽ። አንብቦ የሚያወጣው ኩዌሪ ይሁን፤ ወንዙ በዞረ ቁጥር ይዙር። ሁለቱም ግን ሰው በሚያነበው ቋንቋ ለምን እንደተሠሩ ይጻፍላቸው። ኤረር ሲመጣ አትሳደቡ፤ ዝርዝር ሲወጣ ደግሞ «ስንት ሰው ወጣ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰው ቀረ?» በሉ።

ደብተሩ ዛሬም አለ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሽፋኑ በፕላስተር ተይዟል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኩዌሪ የለም። ያለው እኒያ እናት የጠየቁን ጥያቄ ነው፤ በትልቁ ተጽፏል፦ «ካለሁማ ለምን አልተጠራሁ?»

ቸር እንሰንብት።